ከደንገጎ የተመለሰ ጠርሙስ

ሐረር፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፭ ዓ.ም.

ይድረስ ጅቡቲ ላለው ለእንደሻው፤

ወረቀትህን የባቡሩ ሠራተኛ ለገሠ ማክሰኞ ዕለት አመጣልኝ። መልሱን በማዘግየቴ ይቅር በለኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደምታውቀው ነው፤ ቤቱም እንደተውከው ነው፤ የጣራው ቀዳዳ ብቻ ትንሽ ሰፋ ብሏል። የላክኸውን ፎቶግራፍ አይቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ጉንጭህ ወዴት ሄደ?

የዐብዱልገኒን ጤንነት ጠይቀኸኛል። በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ጠየቅኸኝ። አልሞተም። ከደንገጎ ዳገት በበቅሎ ጭነው ሲያመጡት የሞተ መስሏቸው ፊቱን ሸፍነውት ነበር። አሥራ ሁለት ቀን ተኛ። አሁን ተነሥቷል፤ ግን ከቤታቸው እስከ መስጊዱ ሲሄድ ሁለት ጊዜ ቁጭ ይላል። ሐኪሙ ደረቱ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ብዙ ከቆየ በኋላ ሁለተኛ ቢስክሌት ላይ እንዳይወጣ ከለከለው። ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው።

ሰዉ ምን ይላል ላልከው፣ አንተንማ ያመሰግናል። በቢስክሌት እሽቅድምድሙ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ሸዋ በር ድረስ ካንተ ቀድሞ የገባ የለም፤ በተከታታይ አራት ዓመት መሆኑ ነው። ስምህን በሰሌዳ ላይ በቀይ ቀለም ጽፈው ሰቅለውታል። ሄጄ አንብቤዋለሁ። ስለ ዐብዱልገኒ የሚባለው ግን ሌላ ነው። ዳኞቹ ወድቆ ሲያገኙት ጠርሙስ በእጁ ነበር። አምና አንድ ጋላቢ ከታመመ ወዲህ ከዳኞቹ ውኃ በቀር ማንም ሌላ ነገር እንዳይጠጣ መከልከሉን ታውቃለህ። ጠርሙሱን አሸተቱት፤ የተቀቀለ ጫት ሆነ። የጀጎል ልጅ፣ እስላም፣ በእጁ ጫት። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ የጠየቀ የለም። አጭበርባሪ ብለው ስሙን ሰረዙት። በዚህም አላበቁም፤ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ከጀጎል ልጆች አንድም እንዳይወዳደር ወሰኑ።

ሸዋ በር ገበያ ጎመን ስገዛ አንዷ፣ "የጃሚላን ልጅ ሰማሽ? ፍየል ይመስል ቅጠል በልቶ ዳገት ሊወጣ!" አለች። ሌላዋ ተቀብላ፣ "ፍየል እንኳ ዳገቱን ይወጣል" ስትል ገበያው ሳቀ። ጎመኑን ሳልወስድ ተመለስኩ። ጃሚላ ሃያ ዓመት እሳት የተጫጫርኳት ጎረቤቴ ናት። አንተና ዐብዱልገኒም በአንድ ግቢ አቧራ ላይ ያደጋችሁ ናችሁ።

አሸንፈህ ስትገባ ከሰው ኋላ ቆሜ አየሁህ። በማግሥቱ ሳትሰናበተኝ በአሠሪህ በነጋዴው መኪና ሄድክ። አሁን እኔ ልጠይቅህ። በመስከረም መጨረሻ በለገሠ እጅ የላክሁልህን ጠርሙስ ምን አደረግኸው?

ተናኘወርቅ

*

ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ ፫ ቀን ፲፱፻፳፭ ዓ.ም.

በእናት ምትክ ላሳደጉኝ ለእትዬ ተናኘወርቅ፤

ሰላምታዬ ከእግርዎ በታች ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሙቀቱን ብቻ አልለመድኩትም። ሳልሰናበትዎ በመሄዴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፈረንጁ አሠሪዬ ሙሴ ጋስፓር መኪናውን አስነሥቶ፣ "ባቡሩ ለአንተ እትዬ ብሎ አይቆምም" አለኝ። እሱ ቢስክሌት ይሸጣል፤ እኔ ቢስክሌቱ ላይ ተቀምጬ አሸንፋለሁ፤ ሰው የኔን አይቶ የሱን ይገዛል። እንጀራዬ ይኸው ነው፤ ሲጠራኝ መቅረት አልችልም።

ስለ ጉንጬ አይጨነቁ። የወፈረ ጋላቢ አይተው ያውቃሉ?

ጠርሙሱ መንገድ ላይ ወደቀብኝ። ያንን ድንጋይ ያውቁታል፤ ቢስክሌቱ ሲያነጥር ምን የማይወድቅ አለ? ማን እንዳነሣው በምን አውቃለሁ? ዐብዱልገኒ በመትረፉ እግዚአብሔር ይመስገን። ለእናቱ ሻሽ ልኬያለሁ፤ ከእርስዎ እንደሆነ አድርገው ይስጡልኝ።

አሁን የምሥራች ልንገርዎ። ሙሴ ጋስፓር በሚያዝያ ፈረንሳይ አገር፣ ማርሴይ ሊወስደኝ ነው። እዚያ ሰው በሺ ወጥቶ የሚያየው እሽቅድምድም አለ። ከኛ አገር የሄደ የለም፤ የመጀመሪያው እኔ ነኝ። እሱ ነጭ ኪኒን ይሰጠኛል። ሁለቱን ስውጥ ዳገቱ ሜዳ ይሆናል። ሲለቀኝ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሦስት ቀን ጥርሴን ሳፋጭ እከርማለሁ። የእርስዎ ይሻለኛል። ወንድሜን ያን ሁሉ ዓመት ደንገጎን ያስወጣው እሱ አይደል? አንድ ጠርሙስ ብቻ ይላኩልኝ። ከዚህ በኋላ አልጠይቅዎትም።

ልጅዎ እንደሻው

*

ሐረር፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፳፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለእንደሻው፤

ጠርሙስ አልልክልህም።

ምክንያቱን ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ወረቀት ምድጃ ውስጥ ከተትኩ። ይኸኛውን ሳልመለስበት አሽጌ ለለገሠ እሰጠዋለሁ።

ወንድምህን ምች መታው ብዬ ነግሬህ ነበር። ያን ጊዜ ስምንት ዓመትህ ነው። ለነፍስ አባቱም ለለቀስተኛውም የነገርኩት ይህንኑ ነው። ምች አልነበረም።

ወንድምህ፣ የኔ ባል ኃይለመስቀል፣ ፖስታ ተሸካሚ እንደነበር ታስታውሳለህ። ባቡሩ ድሬዳዋ ሲገባ ከረጢቱን ተሸክሞ ደንገጎን ይወጣል፤ በሐረማያ ዳር አድርጎ እዚህ ይደርሳል፤ ሳይውል ሳያድር ይመለሳል። እኔ ፊደል የለየሁት እሱ ጋደም ባለበት ከፖስታዎቹ ጀርባ ላይ ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል "ይድረስ" የሚለው ነበር። ኋላ ኋላ እግሩ ከዳው። በወጣት ሊተኩት ነው የሚል ወሬ ሰማን። ጃሚላ አዝናልን ድሬ ጠያራ ካለው ማሳዋ ጫት ታመጣልኝ ጀመር። ያለችኝ ቃል ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። "ለመቀመጫ ነው፣ ተናኘ። ጥላ ሥር፣ ውኃ እየጠጣ፣ ቀስ ብሎ። ወላሂ፣ ይህ ቅጠልና ሩጫ አይዋደዱም።"

እኛ ግን ክርስቲያኖች ነን። ጉንጩን ወጥሮ በሸዋ በር ሲያልፍ ቢታይ ነፍስ አባቱ ምን ሊሉ ነው? ማኅበርተኛው ምን ሊል ነው? እንዳይታይ ብዬ ቀቀልኩት። ሦስት እስር ቅጠል በአንድ ድስት፣ ውኃው ጠቁሮ እስኪወፍር፤ ምሬቱን በማር አጠፋሁት። የጠርሙሱን አፍ በጨርቅ ወትፌ በላዩ የጧፍ ሰም አቀለጥኩበት። ጃሚላ ይህን አታውቅም። እንደ ሰዉ የሚያኝክ ይመስላት ነበር። የሚያኝክ ሰው መንጋጋው ሲደክመው ይበቃኛል ይላል። የሚጠጣ ሰው በምን ይወቅ? ለዚህ ያበቃኝ ሰው ምን ይላል ማለቴ ነው።

በ፲፱፻፰ ግንቦት ደንገጎ አናት ላይ ከረጢቱን ታቅፎ ተገኘ። ሬሳውን ሲያመጡልኝ ከረጢቱን ቀድሜ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጠርሙሱ ባዶ ነበር። ደበቅሁት፤ ከዚያም ምች አልኩ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ አንተ ጋላቢ ሆነህ "እትዬ፣ ያ የወንድሜ ጠርሙስ ምን ነበር?" ስትለኝ ዝም ማለት ነበረብኝ። ከገበያ ቅጠሉን በጎመን ሸፍኜ ገዛሁ። በግማሽ ቀንሼዋለሁ ብዬ ራሴን ደለልኩ። ስምህ በቀይ ቀለም ሲጻፍ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም አልክድም።

ትናንት ጃሚላ ጠርሙሱን በመሀረብ ጠቅልላ መጣች። ዳኞቹ "ውሰጂው፤ ለልጅሽ መታሰቢያ ይሁነው" ብለው ሰጥተዋታል። ረመዳን ስለሆነ ጾም ላይ ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል።

"አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ" አለችኝ። "አቤቱታ ጻፊልኝ። ዳኞቹ መጋቢት ሃያ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ወዲያ አንሰማም ብለዋል።"

"ምን ብዬ ልጻፍ?"

"ልጄ ውኃ ለምኖ እንደጠጣ። ምን እንደሆነ እንዳላወቀ።"

"ማን ሰጠው?"

"እሱን አይናገርም። 'የሰጠኝ ሰው ሊረዳኝ ብሎ ነው፤ ስሙን አልጠራም' ይላል። የእጮኛው የሐዲያ አባት ደግሞ ሠርጉን አቁሟል። 'በቢስክሌት ያታለለ በትዳር ምን ያደርጋል' አለ። ይኸው ነው፣ ተናኘ። አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሱ ተርፋለች። ስሙ ግን ሞቷል።"

ከዚያ የጠርሙሱን አፍ በጥፍሯ ፋቀችና፣ "ይህ የደረቀው ነገር ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ሰም ነው" አልኳት።

"የምን ሰም?"

"ሰም ነዋ።"

እስዋ ጧፍ በእጇ ይዛ አታውቅም። እኔ ግን በሰሙ ውስጥ ቀጭኗን ክር አየኋት። አቤቱታውን እጽፋለሁ ብዬ ሸኘኋት። ሻሹን አልሰጠኋትም።

እንደሻው፣ ጠርሙስ ከሚጋልብ ሰው ወድቆ ሳይሰበር ሰው እጅ አይገባም። ለዳኞቹ አንተው ጻፍላቸው። እስከ መጋቢት ሃያ እጠብቅሃለሁ።

ተናኘወርቅ

*

ጅቡቲ፣ የካቲት ፱ ቀን ፲፱፻፳፭ ዓ.ም.

ለእትዬ ተናኘወርቅ፤

ወረቀትዎን ካነበብኩ በኋላ አንድ ሳምንት ቢስክሌት ላይ አልወጣሁም። ሙሴ ጋስፓር ታመምኩ መስሎት ሌላ ዓይነት ኪኒን አመጣልኝ።

ወንድሜ እየሄደ እንደሞተ ብቻ ነበር የማውቀው። ልጅ ሆኜ ያ ሞት ደስ ይለኝ ነበር። ጀግና ይመስለኝ ነበር።

እውነቱን ይፈልጋሉ። ደንገጎ ላይ ዐብዱልገኒ ከኋላዬ ነበር። ከኔ ይሻል እንደነበር ያውቃሉ? ማንም አያውቅም እንጂ ሁልጊዜም ይሻል ነበር። እኔ ጠርሙስ ነበረኝ፤ እሱ እግር ነበረው። በመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ ደረሰብኝና፣ "እንዴሽ፣ ውኃዬ አልቋል፤ ጠብታ የለህም?" አለኝ። አብረን ስናድግ ይጠራኝ በነበረው ስም። ጠርሙሱን አቀበልኩት። ግማሹን ጠጥቼ ነበር፤ የቀረውን እሱ ጨረሰው። ምን እንደሆነ አልነገርኩትም። የባሰውም ልንገርዎ፤ ጠዋት ሦስት ኪኒን ፈጭቼ ጨምሬበት ነበር። እኔ ለምጄዋለሁ፤ እሱ አፉ ላይ አድርጎ አያውቅም።

ለምን ሰጠሁት? ስለ ጠማው ነው ብዬ እምላለሁ። ደግሞ አንዳንዴ ባልምል ይሻላል እላለሁ። ሲወድቅ ድምፁን ሰማሁ። አልዞርኩም። ከዚያ እስከ ሸዋ በር ያለው መንገድ የማያልቅ መስሎ ነበር የታየኝ፤ እንደደረስኩ ሰዉ በትከሻው ተሸከመኝ።

ልጻፍላቸው ብዬ ተቀምጬ ነበር። "ለዳኞቹ" የሚለውን ጽፌ ወረቀቱን ቀደድኩት። እትዬ፣ ከጻፍኩ አራቱ ዓመት ይሰረዛል። ማርሴይ ይቀራል። ከቢስክሌት ሌላ ምን አውቃለሁ? በሃያ አምስት ዓመቴ ማን ቤት አሽከር ልሁን? እርስዎ ቢጽፉ ደግሞ ወንድሜን በመቃብሩ ያዋርዱታል፤ እርስዎንም ማኅበርተኛው ይጠየፍዎታል። ዐብዱልገኒ እንደሆነ ከእንግዲህ አይጋልብም። ስሙ ቢመለስ ምን ያደርግለታል? ይተዉት። ስለ እግዚአብሔር ይተዉት።

እንደሻው

*

ሐረር፣ መጋቢት ፳፮ ቀን ፲፱፻፳፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለእንደሻው፤

ስሙ ቢመለስ ምን ያደርግለታል ብለህ ጠይቀኸኛል። እኔም ይህንኑ ልጠይቀው ሄድኩ።

ዐብዱልገኒ አሁን በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ የአጎቱ የስፌት መኪና ላይ ይውላል። ሲያየኝ ሊነሣ ሞከረና ተወው። "እትዬ ተናኘ፣ አዩኝ? ዛሬም ፔዳል ላይ ነኝ" አለኝ። "ይኸኛው ደግ ነው። ዳገት የለውም፤ የሚቀድመኝም የለም።" አጎቱ "የሚሰፋውንም ቢቀድም ጥሩ ነበር" ብሎ ሳቀበት። ከዚያ ሁለት ልጆች ቢስክሌት እየነዱ አለፉ። እግሩ ቆመ። ልጆቹ ከመንገዱ መጨረሻ እስኪሰወሩ ድረስ ጨርቁ ከመርፌው በታች ዝም ብሎ ተቀመጠ።

"የሐዲያ አባት ትናንት በዚህ ሲያልፍ ሰላም አላለኝም" አለኝ ቀስ ብሎ። "ልጆቹም በኔ ምክንያት እንደተከለከሉ ያውቃሉ።"

የምጠይቀውን ሳልጠይቅ ተመለስኩና አቤቱታውን ጻፍኩ። ግልባጩን ለአንተ እዚህ አኖርኩት።

"ለእሽቅድምድሙ ዳኞች። የዐብዱልገኒ እናት ጃሚላ ጻፊልኝ ብላኝ የጻፍኩ እኔ ተናኘወርቅ፣ የፖስታ ተሸካሚው የኃይለመስቀል ሚስት ነኝ። በልጁ እጅ የተገኘውን ጠርሙስ የቀቀልኩት እኔ ነኝ። የላክሁትም ለባለቤቴ ወንድም ለእንደሻው ነው። በ፲፱፻፰ ባሌም በዚሁ ሞቷል። ጫቱን የማኘክ ነውር ፈርቼ በጠርሙስ ደበቅሁት። ነውሩ የኔ ነው፤ የዐብዱልገኒ አይደለም፤ የጀጎል ልጆችም አይደለም።"

ለጃሚላ ቤቷ ሄጄ መደቡ ላይ ተቀምጬ አነበብኩላት። ሦስተኛው መስመር ላይ "ቆዪ" አለችኝ። ቆየሁ።

"ለኃይለመስቀል ቅጠሉን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ" አለች።

"ለመቀመጫ ነው ብለሽ ነው የሰጠሽኝ።"

"ባለፈው ይህ የምን ሰም ነው ስልሽ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ልጄ አሥራ ሁለት ቀን ሲተኛ፣ አጠገቤ ተቀምጠሽ እጁን ስታሺው፣ ያን ጊዜም?"

"ያን ጊዜም።"

ከዚያ በኋላ ያለችኝ "እስከ መጨረሻው አንብቢው" ብቻ ነው። አነበብኩ። አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክራ ወረቀቱ ላይ ተጫነች። ሸኝታኝ አልወጣችም። ይህን እስክጽፍልህ ድረስ ወደ ቤቴ አልመጣችም፤ እኔም ደፍሬ አልሄድኩም። እሳቴ ሲጠፋ ክብሪት እገዛለሁ።

ዳኞቹ ዘንድ የቀረብኩት መጋቢት ሃያ ጠዋት ነው። ሲያነቡት አንዱ፣ "የክርስቲያን ሴት ጫት ቀቀለች? እስላሟ ምን ሰጥታት ይሆን?" ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ሽማግሌው ዳኛ አቶ አባይነህ ብቻ፣ "እንዴት ነው የሚቀቀል?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ስንት እስር፣ ምን ያህል እሳት ላይ እንደሚቆይ፣ ማሩ መቼ እንደሚገባ። ሳቁ እየቀነሰ መጣ። ጃሚላ እኔ ዘንድ የተወችውን ጠርሙስ አውጥቼ፣ "ይመልከቱት" አልኳቸው። በሴንጢያቸው ሰሙን ፋቁ፤ ክሩ ተመዞ ወጣ። በወጣትነታቸው ዲያቆን ነበሩ። ክሩን በሁለት ጣታቸው ይዘው ለሌሎቹ አሳዩና፣ "ይህማ ከኛ ቤት የወጣ ነው" አሉ።

የዐብዱልገኒን ስም መልሰዋል። የጀጎል ልጆች ክልከላም ተነሥቷል። ሠርጉ ከአረፋ በኋላ ይሆናል አሉ፤ ልጠራ አልልም። ያንተን ስም ከሰሌዳው ሲፍቁት ቆሜ አየሁ። አራቱንም። ቀዩ ቀለም ቶሎ አልለቅ ብሎ በድንጋይ ነው የፈገፈጉት። ማኅበርተኞቼ በዚህ ወር ተራዬን አልፈውኛል። ነፍስ አባቴ ንስሓ ሰጥተውኛል፤ በእርጅናዬ ብዙ ስግደት ነው፤ ጉልበቴ እንደምታውቀው ነው።

የየካቲቱን ደብዳቤህን ለማንም አላሳየሁም። የኪኒኑን ነገር አልተናገርኩም፤ ጠርሙሱን ያቀበልከው በምን ልብ እንደሆነም አልተናገርኩም። እኔ የጻፍኩት የራሴን ብቻ ነው። የቀረው ያንተ ነው። ማርሴይ ብትሄድም ብትቀርም መጻፍህ አይቀርም፤ እኔን አሥራ ሰባት ዓመት ነው የፈጀብኝ፤ አንተ አታቆየው። ቤቱ ክፍት ነው። ወደዚህ የሚመጣ የፖስታ ከረጢት የሚሸከምም ሁልጊዜ ይፈለጋል፤ ቢስክሌት የሚችል ከሆነ ደግሞ ይመረጣል።

ለገሠ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጠርሙስ ያደርስሃል። ሳታየው አትደንግጥ። ዳኞቹ ለዐብዱልገኒ መልሰውለት ኖሮ ትናንት በልጅ እጅ ሳይሆን ራሱ፣ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ እያረፈ፣ በሬ ድረስ አመጣው። አልገባም አለኝ።

"የእንደሻው ዕቃ ነው፤ ይላኩለት" አለ።

ስቀበለው ከበደኝ። "ምን አለበት?" አልኩት።

"የጎረቤት ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ?" አለኝ። "ከቤታችን ጋን የተቀዳ ነው። ይህን ነበር የጠየቅሁት ይበሉልኝ።"

ውኃ ነው። አፉን እንደተወተፈ ተውኩት። ሰም አላደረግሁበትም።

ተናኘወርቅ